አንድ ጥግ፣ ሠላሳ ሥዕል

ቀለምና ሸራ ይዛችሁ ከቤት ለመውጣት ለቆረጣችሁ ልጆች፣

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት በብሩሽ ሳይሆን በሰዓት ነው። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሞኔን ሥዕል በስልክ ታያላችሁ፣ ቀለሙ ልባችሁን ይወስደዋል፣ ቅዳሜ ቁርስ በልታችሁ አራት ሰዓት ላይ ፒያሳ ትወጣላችሁ። ስድስት ሰዓት ላይ የጨረሳችሁት ሥዕል ኖራ የተነፋበት ይመስላል። ከዚያ «እጄ አይሠራም» ትላላችሁ። እጃችሁ ደህና ነው፤ የወጣችሁበት ሰዓት ነው ያጠፋው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፓሪስ 49 ገደማ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢትና በመስከረም ሰሞን የኛ ፀሐይ ጠዋት በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል ቀጥ ብላ ትወጣለች። የፓሪሷ ጎኗን ሰጥታ ስለምትወጣ በሰዓት 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትራመደው። እነሱ አንድ ሰዓት ተኩል የሠሩበትን ዝቅ ያለ ብርሃን እናንተ የምታገኙት ለአንድ ሰዓት ነው። የመብራት ምሰሶ ተመልከቱ፦ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሞላት ጥላው የምሰሶውን ቁመት ሦስት እጥፍ ተኩል ያልፋል፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ሦስት ሰዓት ሲሞላት ጥላና ምሰሶ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ጥላው እግር ሥር ይገባል፣ ግድግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ቅርጽ የሚባል ነገር ይጠፋል። ስለዚህ የጠዋት ሥራ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የማታው ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የሚቀራችሁ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ማለዳ መነሳት የማይሆንለት ሰው ደመናማ ቀን ይጠብቅ፤ ስለሱ እመለስበታለሁ።

የፈረንሳዮቹ ሠዓሊዎች ታሪክ ለዚህ የሚጠቅመን በአንድ በኩል ነው። ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 ተጨምቆ የሚወጣውን የብረት ቱቦ እስኪያስመዘግብ ድረስ የተበጠበጠ ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር፤ አንዴ ከተበሳ በደንብ አይዘጋም። ቱቦው ሲመጣ ቀለም ኪስ ውስጥ ገባ፣ ሠዓሊውም ሜዳ ወጣ። ሞኔና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1874 ፓሪስ ላይ ባሳዩት ዐውደ ርዕይ የተለጠፈባቸው «ኢምፕሬሽኒስት» (የቅጽበት ዕይታ ሠዓሊ እንደማለት) የሚል ስም መጀመሪያ ፌዝ ነበር። ሞኔ የሩዋንን ካቴድራል ከ30 ጊዜ በላይ የሣለው ሕንፃውን ስለወደደው ብቻ አልነበረም። ብዙ ሸራ ደርድሮ ብርሃኑ ሲቀየር ሸራውን ይቀይር ነበር። ከሱ መውሰድ ያለባችሁ ይህን ነው፤ ሐምራዊ ጥላውን እዚያው ተዉለት፣ እሱ ሩዋን ያለችበት የኖርማንዲ ጥላ ነው።

እናም አንድ ጥግ ምረጡ። በየሳምንቱ ቦታ የሚቀያይር ጀማሪ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት፣ ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ቁልቁል ወደ ለገሀር የሚታየውን ልውሰድ። ፊታችሁ ወደ ደቡብ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከግራ ትመጣለች፣ የግራው ሕንፃ ጥላ አስፋልቱን አቋርጦ ወደ ቀኝ ይተኛል፣ የቀኙ ግድግዳ ይበራል። ማታ ተገላቢጦሽ ነው። ብርሃን ከጎን የሚመጣበት ቦታ ለጀማሪ የተመቸ ነው፣ ብርሃንና ጥላ ራሳቸው ተከፋፍለው ይጠብቁታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ በእኛ ላይ ወደ ሰሜን ተሻግራ ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ቀትር ወደ ለገሀር ዞሮ የቆመ ሰው ፀሐይ ከፊቱ ናት፤ በሰኔ ከጀርባው። በጥር የጀመራችሁትን ሥዕል በሰኔ እጨርሳለሁ ብትሉ ሌላ ከተማ ነው የሚጠብቃችሁ።

እዚያ ቆማችሁ ሠላሳ ጊዜ ሣሉት። አምስተኛው ላይ ይሰለቻችኋል። አሥረኛው ላይ ማየት ትጀምራላችሁ።

ለሠላሳ ሥዕል ሸራ መወጠር ኪስ ያራቁታል፣ አያስፈልግምም። እንጨት ቤት ሄዳችሁ 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) 20 በ25 ሳንቲ ሜትር አስቆርጡ፤ ሙሉ ሉሁ 122 በ244 ስለሆነ ከ50 ያላነሰ ይወጣዋል። ጠርዙን በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። አክሬሊክ ፕራይመር (ከሥዕሉ በፊት የሚቀባ፣ በውሃ የሚቀጥን ነጭ ቀለም) ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቡ፣ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በወርድ፤ በየመሃሉ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይነካ። ጀርባውንም ቢያንስ አንዴ ቀቡት፤ አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ሰሌዳ እርጥበት ሲነካው እንደ ምጣድ ክዳን ይጎብጣል። ርካሽ የግድግዳ ቀለም በፕራይመር ፈንታ የሚጠቀሙ አሉ። የዘይት ቀለማችሁን ዘይት ይመጠዋል፤ ጠዋት ያበራ የነበረው ሰማያዊ ማታ አመድ ለብሶ ታገኙታላችሁ።

ከመውጣታችሁ ቀደም ባለው ቀን ነጩን ሰሌዳ፣ በርንት ሲየና የተባለውን ቀይ ቡናማ ቀለም በተርፐንታይን አቅጥናችሁ በጨርቅ እሹት፣ ቀለሙ የቀይ አፈር ያህል እስኪሆን። ነጭ ሰሌዳ ላይ የምታኖሩት የመጀመሪያ ቀለም ሁሉ የጨለመ ይመስላችኋል፣ ታነጡታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሥዕሉ ይገረጣል። በብሩሽ ምቶች መካከል ሾልኮ የሚታየው ቀይ አፈርም ለዚህ ከተማ አቧራ ይስማማዋል።

ቀለም ሰባት ይበቃል፦ ቲታኒየም ነጭ፣ የሎሚ ቢጫ፣ የሎው ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ካድሚየም ቀይ፣ አሊዛሪን ክሪምሰን (ጠቆር ያለ ቀይ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና። ነጩን ትልቁን ቱቦ ግዙ፣ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ቶሎ ያልቃል። ለአንድ 20 በ25 ሰሌዳ ነጩን 6 ሳንቲ ሜትር፣ ሌሎቹን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ጭመቁ። ውድ ነው ብላችሁ የምስር ፍሬ ታህል ካወጣችሁ ብሩሹ ባዶ ሰሌዳ ይፈትጋል፤ ቁጠባው ገንዘቡን አያተርፍም፣ ሥዕሉን ግን ያከስራል። ጥቁር ቱቦ ለጊዜው ይቅር። ሁለት እጅ አልትራማሪንና አንድ እጅ በርንት ሲየና ጥቁር የሚያሰኝ ጥልቅ ቀለም ይሰጣሉ፤ ነጭ ሲገባበት ግራጫ ይሆናል፤ ሲየናው ከበዛ ይሞቃል፣ ሰማያዊው ከበዛ ይቀዘቅዛል። የአዲስ አበባ ሥዕል ሦስት አራተኛው እዚህ ግራጫ ውስጥ ነው ያለው። ለግራጫ የቃል ድህነት የለብንም። ዳለቻ፣ ቡላ፣ አመድማ እያለ በሬውንና በቅሎውን የለየ ሕዝብ ነን። ፓሌታችሁ (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳችሁ) ላይ የደባለቃችሁትን በነዚህ ስም ጥሩት፤ «ግራጫ» ብላችሁ ካለፋችሁት ሁለተኛ ጊዜ አታገኙትም።

ብሩሽ አምስት፦ ጠፍጣፋ የአሳማ ጸጉር 4፣ 6፣ 8 እና 10 ቁጥር፣ አንድ ቀጭን ክብ። ቀጭኑን እስከ መጨረሻዋ አሥር ደቂቃ ቦርሳ ውስጥ ተዉት። ለማቅጠኛ የተልባ ዘይት ስትገዙ ለሥዕል ተብሎ የተጣራውን ይሁን። የወጥ ቤት ዘይት፣ በተለይ የፓልም ዘይት፣ አይደርቅም፤ ሥዕሉ ዓመት ሙሉ አቧራ ሲሰበስብ ይኖራል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ ማንም ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያዙት፣ ወይም ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ይህን እንደ ቀላል የምታዩ ከሆነ በውሃ በሚቀጥነው በአክሬሊክ ቀለም ሣሉ።

ጃንጥላ አትርሱ። ሰሌዳው ላይ ፀሐይ ካረፈበት ዓይናችሁ ይታወራል፣ ቀለሙን አጨልማችሁ ትደባልቃላችሁ፣ ቤት ስትገቡ ሥዕሉ ጥቀርሻ ነው። ጥልቅ ጥላ ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ ታነጡታላችሁ። ጃንጥላው ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ቀይ ጃንጥላ ሥር የተሣለ ሥዕል ውስጥ ቀይ የሚባል ነገር በቦታው አይገኝም። ነጭ ሸሚዝም ሰሌዳው ላይ ያንጸባርቃል፣ ደብዘዝ ያለ ልበሱ።

ወደ ሥራው። የመጀመሪያዋ አምስት ደቂቃ ቀለም የሌለባት ናት። ካርቶን ላይ 4 በ5 ሳንቲ ሜትር መስኮት ቁረጡ፣ ከሰሌዳችሁ ጋር ምጥኑ አንድ ነው፤ በሱ እያያችሁ ምን እንደሚቀር ምን እንደሚገባ ወስኑ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት አራት ትልልቅ ጨለማና ብርሃን ይቀራል። ይህን በክብሪት ቀፎ ልክ ደብተር ላይ በእርሳስ አስቀምጡ፣ ጥግ ላይ ሰዓቱንና ቀኑን ጻፉ። ቀጣዩ አሥር ደቂቃ የጥላ ነው። በቀጠነ ቀለም የጥላውን ዳር በሙሉ አንዴ ያዙት። ያዛችሁ? አበቃ። ከዚህ በኋላ ጥላው መንገዱን ይሄዳል፣ እናንተ አትከተሉት። የጀማሪ ሥዕል የሚበላሽበት አንዱ ትልቁ ምክንያት ጥላ ማሳደድ ነው፤ በግራ በኩል የአንድ ሰዓት ጥላ፣ በቀኝ በኩል የሁለት ሰዓት ጥላ፣ በመሃል ሁለት ፀሐይ ያላት ከተማ።

ቀጥሎ 30 ደቂቃ፣ ከጨለማው ወደ ብርሃኑ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ። ቀለሙን ፓሌት ላይ ደባልቁ፣ ወደ ትዕይንቱ አንስታችሁ አስተያዩ፣ አንዴ አኑሩና እጃችሁን ሰብስቡ። ሰሌዳ ላይ የሚታሽ ቀለም ሦስተኛው ዙር ላይ ጭቃ ይሆናል፤ ሥር ያለው እርጥብ ቀለም እየተነሳ ስለሚቀላቀል ነው። ቀለሞችን ሳያዋህዱ ጎን ለጎን ማኖር እንዴት እንደሚያበራ ለማየት አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል የሚያህል አስተማሪ የለም። 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ቁርጥራጭ መስታወት ነው፣ አንዱ ከአንዱ አልተቀላቀለም፤ የሚቀላቅለው የተመልካቹ ዓይን ነው። የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ለጠርዝ ነው፦ የቅርቡን አንድ ሁለት ቦታ ስለት አድርጉ፣ የቀረውን አደብዝዙ። ሰዓቱ ሲሞላ ባያልቅም ዝጉት። ቤት ወስዳችሁ «ላስተካክለው» ያላችሁት ሥዕል መሞቻው ይኸው ነው።

ደርቦ ለመቀባት ከተገደዳችሁ ሥረኛው የቀጠነ፣ ላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን። ከተገላበጠ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ሥረኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በዘይት ቀለም ላይ አክሬሊክ በጭራሽ አይደረብም፣ ይላጣል።

አሁን ቆርቆሮውን እንመልከት፣ ምክንያቱም ከፒያሳ ቁልቁል ያየ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። አሮጌ ጣሪያ ዝገት መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ቡናማ ትቀባላችሁ። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፦ ከፀሐይ ፊቱን ያዞረው ክንፍ ሰማዩን ነው የሚመልሰው። ቀለሙ ሰማያዊ ዳለቻ ነው፣ ከሥሩ ካለው ግድግዳም ይነጣል። ዝገቱ የሚታየው ፀሐይ ፊት ለፊት በመታችው ክንፍ ላይ ነው፣ እዚያም ቡናማ ሳይሆን ብርቱካን ነው የሚመስለው። የሰማዩን ድብልቅ ውሰዱ፣ የብሩሽ ጫፍ በርንት ሲየና ጨምሩበት፣ የጥላው ክንፍ ይኸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጎድጓዳ መስመር አትስጡት። ከ20 ሜትር በላይ ከራቀ ሦስት ምት ይበቃዋል፤ ብሩሹ የዝናብ ውሃ በሚወርድበት አቅጣጫ ይሂድ። ጣሪያው ተዳፋት መሆኑን የሚናገረው ያ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ከጣሪያው ቀጥሎ ዛፉ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማውን ከቦታል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደግሞ ጽድ አለ። ሁለቱን በአንድ አረንጓዴ የቀባ ሰው አላያቸውም። ጽድ ብርሃን ይውጣል፤ ከሩቅ ወደ ጥቁር የተጠጋ ነው፣ ጠርዙም የተዘጋ። የነጭ ባሕር ዛፍ ያረጀ ቅጠል ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ፀሐይ በመካከሉ ያልፋል፤ ጥላው ወንፊት ነው፣ ሰማዩ በየቦታው ይበሳዋል። የለጋው ቅጠል ደግሞ ሰፊ ነው፣ አመድማ ሰማያዊ። የቱቦ አረንጓዴ ለሁለቱም አይሆንም። ለጽዱ አልትራማሪንና ኦከር፤ ለባሕር ዛፉ ይኸው ላይ ነጭና ትንሽ አሊዛሪን። አረንጓዴ ሲጮህባችሁ ቀይ ያስታግሰዋል።

ስለ እንጦጦ ሰማያዊነት አትጨቃጨቁ፤ በየት ወገን ሆናችሁ እንደምታዩ ይወስነዋል። በበጋ ጠዋት ጭስና አቧራ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ያንን ጭጋግ ካያችሁት ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ሆና ካያችሁት ወርቅማ ቡላ ነው። ሁለቱንም እውነት ብላችሁ ተቀበሉ፣ አንድ ሥዕል ውስጥ ግን አታጋቡ።

የመስታወት ሕንፃ አዲሱ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው፤ ከመሃል ከተማ ከብዙ ጥግ ይገባል። የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ ከፊቱ ያለውን የሰማይ ክፍል ነው የሚያሳየው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ መስታወት ፀሐይን መልሶ ይረጫል፤ ጥላ መሆን በሚገባው ግድግዳ ላይ ምንጩ የማይታወቅ የብርሃን ቁራጭ ይወርዳል። ሥዕል ውስጥ ካስገባችሁት ስህተት ይመስላል። አስወጡት። ወይ ደግሞ ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ስለሱ አድርጉት።

ሚኒባሷንም አደራ። ነጭ ጣራዋ ነጭ የሚሆነው ፀሐይ ሲያገኘው ነው። ጥላ ውስጥ ከገባች ያ ነጭ ፀሐይ ካረፈበት አስፋልት ጋር ሊተካከል ይችላል። አይመስልም። በካርቶኑ መስኮት እያያችሁ አስተያዩት።

ክረምት ቤት አያስቀምጣችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣ፤ ደመናማ ጠዋት ብርሃኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይለወጥ ይቆያል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ጥላ የሚሳደድ የለምና። ሕጉ ግን ይገለበጣል፦ በፀሐይ ቀን ብርሃኑ ሞቃት፣ ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ በደመና ቀን ብርሃኑ ቀዝቃዛ፣ ጥላው ሞቅ ያለ። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚታየው ነጸብራቅ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ጎን አይዘምም፤ ጨለማው ነገር በነጸብራቁ ውስጥ ትንሽ ይነጣል፣ ነጩ ትንሽ ይጨልማል።

ስለ ቦታው ደንብ አጭር ነገር። በቤተ መንግሥት፣ በጦር ካምፕና በጥበቃ በተከበበ መሥሪያ ቤት ፊት አትቁሙ። ሌላውም ቦታ ላይ ዘበኛ ካለ ቀለም ከማውጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ ሰላም በሉት፤ «ጋሼ፣ እዚህ አንድ ሰዓት ልሥል፣ ያስቸግራል?» የምትል ጥያቄ ከማንኛውም ደብዳቤ ቀድማ ትሠራለች። መታወቂያ ግን ይኑር። ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፤ ሰው ከኋላ ሲሰበሰብ ብሩሽ ይንቀጠቀጣል። ልጆች ይመጣሉ፣ «እኔንም ሣለኝ» ይላሉ፤ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ያዙላቸው፣ ራሳቸው ይሥሉ።

የሰሌዳው ጀርባ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ጻፉ። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ያለው ሠዓሊ ማስረጃ ነው የያዘው፤ ያልጻፈው ግን «የሆነ መንደር» ነው የያዘው። ጋለሪ ስትሰጡም ዝርዝሩን፣ ዋጋውንና የጋለሪውን ድርሻ በጽሑፍ አድርጉ፣ የሁለታችሁም ፊርማ ይኑርበት። ስስ ቀለም በቀናት ይደርቃል፣ ወፍራሙ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ቫርኒሽ ግን ከ6 ወር በፊት አይነካው፣ ገዢ ቢቸኩልም።

የቀረው እርጥቡን ሥዕል ቤት ማድረስ ነው። ሁለት ሰሌዳ ፊት ለፊት አድርጉ፣ በአራቱ ማዕዘን በመካከላቸው የቡሽ ቁራጭ አስገቡ፣ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ቀለም ቀለምን አይነካም። በፌስታል አትጠቅልሉት፣ ይለጠፋል። ታክሲ ውስጥ የሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ያዙ፣ ጭናችሁ ላይ አጋድማችሁ በሁለት እጅ ያዙት። ከኋላ ከገባችሁ አራተኛ ሰው መጠጋቱ አይቀርም፣ አልትራማሪን ደግሞ ከሰው ኮት ላይ አይለቅም።